አካፋዬን ያላጋደምኩ ዕለት

ከመርሳ ወደ ተራራው በእግር አንድ ሰዓት ያህል ከሚያስኬድ ሰፈር ነኝ። ስሜ ይመር ነው፤ አገሬው አያ ይመር ይለኛል። ትምህርቴ ድሮ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ናት። እሷኑ በመነጽር እየፈለግሁ ነው የምጽፍላችሁ፤ ስለዚህ ነገሬ ቢንቀራፈፍ ታገሡኝ። ደግሞም ቀስ ማለቴ ይሻላል። በዕድሜዬ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት ተጣድፌ በተናገርኳት አንዲት ቃል ነው።

ባጃጅ ከመርሳ እኛ ሰፈር ድረስ መውጣት የጀመረበት፣ ጎረምሳው ሁሉ ሐራ ወርዶ በባቡሩ ሥራ የሚቀጠርበት ዘመን ነበር። እኔ ያኔ የውሃ አባት ነበርኩ። ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከተራራው ሥር አንድ ምንጭ ነበረን። ከሱ የሚወርደው ቦይ የላይኛውንም የታችኛውንም ሰፈር ማሳ ያጠጣል፤ ሽንኩርቱንም፣ ማሽላውንም፣ ብርቱካኑንም። ማን በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ጥላ እስከ የትኛው ጥላ እንደሚያጠጣ የሚለየው የውሃ አባት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ ይመርጠዋል፤ እሱም ላያዳላ ይምላል። ደመወዝ የለውም። ያለው አንድ አካፋ ነው።

ያን አካፋ ከአባቴ ነው የወረስኩት። ምንጩ የደረቀ ዕለት የውሃ አባት አካፋውን በቦዩ አፍ ላይ ያጋድማል። አካፋ ከተጋደመ በኋላ ላይኛውም ታችኛውም አያጠጣም፤ የቀረችው ጠብታ ለመጠጥ ብቻ ትሆናለች። ከብት ከተራራው ይወርዳል። አቅም ያለው ሁሉ ወጥቶ፣ ዝናብ እስኪጥል ድረስ እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ የምንጩን ዓይን በእጁ ይጠርጋል። አካፋውን ካጋደመው ሰው በቀር ማንም አያነሣውም።

አባቴ በዕድሜው አንድ ጊዜ አጋድሞታል። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት አማቾች በዚያችው ጠብታ ተጣሉና አንዱ ሞተ። በደረቀው ቦይ ውስጥ ደም ሲወርድ አይቻለሁ። ምንጩ በክረምቱ ተመለሰ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ምንጩ ተመለሰ እኮ» ይል ነበር። እኔ ዓይን ላይ የቀረው ግን ደሙ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

መምህርት ሐረግ ከወልድያ ነው የመጣችው። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን አቅፋ ነው የምትይዘው። በትምህርት ቤታችን ግቢ ልጆች በእግራቸው እየረገጡ፣ በእጃቸው እየነኩ ስለ ተራራና ስለ ውሃ የሚማሩበት ነገር ልትሠራ ነበር። የቀበሌ ሊቀመንበራችን ወደ እኔ ላካት።

«አያ ይመር፣ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ አንቱ ያውቃሉ አሉኝ።»

«አውቃለሁ። ግን በአፍ አይነገርም፤ በእግር ነው» አልኳት።

ሦስት ቀን ተራራውን አዞርኳት። ዝናብ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚሮጥ፣ የት ድንጋይ ሥር ገብቶ እንደሚጠፋ አሳየኋት። ተራራው ያን ጊዜም ራቁቱን ነበር። ዛፍ ቢባል በቀብሩና በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ነው። እሷ በቀብሩ ዛፎች ሥር ተቀምጣ የወፎቹን ድምፅ በመሣሪያ ቀዳች። ሙታኑ ወፍ ሲያዳምጡ ሕያዋኑ ጠራራ ላይ ቀርተናል ብላ ቀለደችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

ኋላ ኮምፒውተሯን ከፍታ ያሰበችውን አሳየችኝ። የተሳለ ተራራ ነው። ልጁ በጣቱ ሲጫን ዛፍ ብቅ ይላል፤ ዛፍ ብቅ ሲል ውሃ ይወርዳል።

«እንዴት ነው፣ አያ ይመር?»

«ያምራል። ግን ውሸት ነው።»

«ምኑ ነው ውሸቱ?»

«ዛፍ በጣት ተጭነሽው አይበቅልም፤ ይቆማል እንጂ። ፀሐይም ብርድም ላይ ይቆማል። ልጁም ይቁም። እግሩ ይመመው፣ ይርጠብ፣ ያኔ ያውቀዋል።»

ኮምፒውተሯን ዘጋችና ቀኑን ሙሉ በወረቀት ላይ ስትሰርዝ ስትጽፍ ዋለች።

እንዲያ ሆኖ ተሠራ። አውድማ የሚያህል ቦታ ላይ በድንጋይ፣ በአፈርና በሲሚንቶ ተራራችንን ልክ በልኩ አበጀሁት፤ ገደሉን፣ ሸንተረሩን፣ ቦዩን፣ ሁለቱን ሰፈር። ከሸንተረሩ ሥር እሷ ክብደት የሚሰማቸው ሳህኖች ቀበረች፤ ሴንሰር ነው የምትላቸው። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ሳህን ላይ እንደ ዛፍ ይቆማሉ። ከላይ ከተዘረጋው የተበሳሳ ቧንቧ ዝናብ ይወርዳል። ልጆቹ ጸንተው ከቆሙ የቀዳችው የወፍ ድምፅ ይሰማል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርግና በታች በኩል በምንጩ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከተበተኑ ወፉ ዝም ይላል፤ ውሃው ደፍርሶ በገደሉ ይወርድና ትንንሾቹን ማሳዎች ይዞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚያዘው በሣጥን የተቆለፈ ኮምፒውተር ነው፤ ውሃውን የሚገፋው ከታንከር ሥር ያለ ፓምፕ።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ እንደቆሙ ውሃው ወዲያው ይፈስስ ነበር። እኔ አልወደድኩትም።

«ምንጭ ቧንቧ አይደለም። የነሐሴን ዝናብ በኅዳር ነው የሚሰጥሽ። ይጠብቁ።»

«ይሰለቻሉ፣ አያ ይመር።»

«ይሰልቹ። እኔስ ሰልችቶኝ አይደል የኖርኩት?»

ሳቀች፤ እንዳልኩትም አደረገችው። ልጆቹ ቆመው እስከ መቶ ይቆጥራሉ። አንዱ ከወረደ ቁጥሩ ከአንድ ይጀምራል። የወረደውን ልጅ ሌሎቹ ሲቆጡት፣ «አንተ ፍየል! ተራራችንን በላኸው!» ሲሉት መስማት ደስ ይል ነበር።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የመጨረሻው ነገር ነው። ከላይ፣ ከእውነተኛው ምንጭ ዓይን ላይ፣ ሶላር ያለው መለኪያ ተከለች። መለኪያው የምንጩን ልክ እንደ ስልክ መልእክት ወደ ትምህርት ቤቱ ይልካል። የላይኛው ሲቀንስ የታችኛውም ይቀንሳል። የላይኛው ሲሞላ ይሞላል።

«ለምን ደከምሽበት?» አልኳት።

«እንዳይዋሽ ነው። አንቱ ነዎት ያስተማሩኝ። ደግሞ ልጆቹ ብቻ አይደሉም የሚያዩት፣ ትልልቆቹም ያዩታል።»

የምታስበው ገብቶኛል። ተራራው ከከብት ይከለል አይከለል የሚለው ክርክር ያኔ ሰፈሩን ከፍሎት ነበር። በእርከን ሥራ ዘመቻው ሁሉም ይወጣል፤ የሠራውን እርከን በበጋው ከብቱ ያፈርሰዋል። ጉዳዩ በምርቃቱ ዕለት፣ እንግዶች ባሉበት፣ በስብሰባ ሊቆረጥ ተቀጥሯል። ሐረግ ሰዉ የምንጩን መቅጠን በዓይኑ ካየ ከብቱን ያወርዳል ብላ ነበር። እኔም ብዬ ነበር።

ወሩ ግንቦት ነው። በምርቃቱ ዋዜማ ስንሞክረው ልጆቹ መቶ ቆጠሩ፤ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ። «ግንቦት ነው፣ ሁልጊዜም ይቀጥናል» አልኳት። እንዲህ ቀጥኖ ግን አይቼው አላውቅም።

በማግሥቱ ሱብሂን ሰግጄ አካፋዬን ተሸክሜ ወደ ምንጩ ወጣሁ። ስደርስ ድምፁ የለም። ሰው ቤቱ ሲገባ የሚያውቀው ድምፅ ሲጠፋበት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ በር ላይ እንደቀረ ሰው ቆምኩ። ድንጋዮቹ ነጥተዋል። በላያቸው የነበረው አረንጓዴ ሽበት ደርቆ ተልጧል። ከዓይኑ ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ፤ አፈር ነው። እስከ ትከሻዬ ከተትኩ፤ ጣቴ ጫፍ ላይ ትንሽ ቅዝቃዜ ተሰማኝ፣ ያውም ጠፋ። የሐረግ መለኪያ ከጎኔ ቀይ መብራቱን ብልጭ ጥፍት ያደርጋል፤ ሰው የሌለበትን ቤት በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከዚያ ወደ ቦዩ አፍ ወረድኩና አካፋዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ለማጋደም ጎንበስ ብያለሁ። ያኔ ከታች ድምፅ መጣ።

«አንተ ይመር!»

ዘይነባ ናት። ባሏ የሞተባት፣ መሬቷ ከቦዩ መጨረሻ ላይ ያለ፣ በሰፈሩ እሷ ብቻ ናት እኔን «አንተ» የምትል። አብረን ነው ያደግነው።

«ነገ ተራዬ ነው! ደግሞ እንዳምናው ረስቼሻለሁ በለኝና አካፋህን እሰብርልሃለሁ! ችግኙ ለመነቀል ደርሷል!»

«አልረሳሁም» አልኳት።

«ምን አጎነበሰህ? ወገብህ ነው?»

«ወገቤ ነው።»

አካፋውን መልሼ ተሸከምኩ። ከምርቃቱ በኋላ አጋድመዋለሁ፣ ሰዉ በደስታው ቀን አይረበሽ አልኩ። ተንኮል አልነበረብኝም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተንኮል የሌለበት ሰው ነው።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበር ከመርሳ ተከራይቷል፤ የድምፅ ማጉያው ያፏጫል። የላይኛው ሰፈር ሰው በቀኝ፣ የታችኛው በግራ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። ሊቀመንበሩ አንገቱን እያሻሸ ከሐረግ ራስ ላይ ቆሟል። እሷ ከሣጥኑ ፊት ተንበርክካለች።

«እንግዶቹ መርሳን አልፈዋል! ምን ሆኖ ነው እንቢ ያለው?» ይላል ሊቀመንበሩ።

«እንቢ አላለም። እየሠራ ነው።»

«ከሠራ ውሃው የታለ?»

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ክንዴ ላይ እስከ ትከሻዬ ድረስ የደረቀ ጭቃ ነበር።

«ከላይ ነው የመጣሁት» አልኩ ቀስ ብዬ። «ደርቋል።»

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አወለቀ። «ዛሬ? ሌላ ቀን አጥቶ ዛሬ?»

ሐረግ ግን ብድግ አለች። ፊቷ በርቷል። «እንዲያውም እንዲሁ ይዩት፣ አያ ይመር። ልጆቹ ይቁሙ፤ መቶ ይቁጠሩ፤ ውሃ አይመጣም። ከዚያ አንቱ ተነሥተው ያዩትን ይናገሩ። ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም!»

«ምን ትምህርት! እንግዳ ጠርተን ደረቅ ድንጋይ ልናስጎበኝ?» አላት ሊቀመንበሩ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ ይመር፣ አንቱ ያውቁታል። በአባትዎ ጊዜ አካፋ ሲጋደም ምን እንደሆነ ያውቁታል። ይኸው ሁሉም ዱላውን ይዞ ተቀምጧል።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ለዛሬ ብቻ እንዲፈስስ ማድረግ አይቻልም?»

«ይቻላል። አንድ ሽቦ ነው። የመለኪያውን መልእክት ለፓምፑ የሚያደርሰውን ሽቦ ብነቅለው ፓምፑ በራሱ ይሠራል። ግን እኔ አላደርገውም።» እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። «የውሃ ነገር ነው። የውሃ አባቱ ያዘዙኝን አደርጋለሁ።»

ሁለቱም አዩኝ። አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እዚያች ቦታ ላይ ተመልሼ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ የቆምኩት ግን ለአንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። የዱላዎቹን ጫፍ አየሁ። የአባቴን ቦይ አየሁ። የመኪና ጥሩምባ ከበሩ ተሰማ።

«ልቀቂው» አልኳት።

«ያምራል ግን ውሸት ነው ያሉኝ አንቱ ነበሩ።»

«ልቀቂው ልጄ። ለዛሬ ብቻ።»

ሽቦውን ነቀለችው።

ልጆቹ ሸንተረሩ ላይ ወጥተው ቆሙ። ዝናቡ ከቧንቧው ወረደባቸው። ወፎቹ ጮኹ። ሰዉ ሁሉ አብሮ ቆጠረ፤ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ። ውሃው ከምንጩ ክንድ አክሎ ወጣ። እልልታው ተራራው ላይ ደርሶ ተመለሰ። በድምፅ ማጉያው ሊቀመንበሩ፣ «ይህ የምታዩት የላይኛው ምንጫችን የዛሬ ልክ ነው!» አለ። ምናልባት ያን እንዲል አልጠበቅሁም። እንዲል ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ ፊቷን አበሰች።

«አንተ፣ እውነት የላዩ ልክ ነው?»

«እንዲያ አሉ።»

«እነሱን አልጠየቅሁም። ነገ ውሃው ይደርሰኛል?»

«ይደርስሻል» አልኳት። ቀጠል አድርጌም «ኢንሻአላህ» አልኩ። የአላህን ስም በውሸቴ ላይ ክዳን አደረግሁት።

ስብሰባው ረጅም አልነበረም። ባለ ብዙ ከብቱ ሁሴን ተነሣና በዱላው ወደ ምንጩ አመለከተ። «ወገኖቼ፣ በግንቦት እንዲህ የሚፈስስ ምንጭ እያለን ምን ቢጎድለን ነው ከብት የምናስረው? ይኼ እኮ የጠገበ ኮርማ ሽንት ነው!» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እንግዶቹም ሳቁ። ነገሩ ከመስከረም በኋላ ይታይ ተባለ። ሐረግ ከድንኳኑ ጫፍ ላይ የነቀለችውን ሽቦ በጣቷ ላይ እየጠቀለለች፣ እየፈታች ተቀምጣ ነበር።

ሲመሻሽ በታችኛው ማሳ በኩል አለፍኩ። ዘይነባ የሽንኩርት ችግኟን ሁሉ ከመደቡ ነቅላ፣ በደረቁ ትልም ውስጥ እየተከለችው ነው፤ ሲነጋ ውሃ ሊገባበት። ሽንኩርት አንዴ ከተነቀለ ሁለት ቀን አይጠብቅም። ያን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«ምን ቆመህ ታያለህ? ና አግዘኝ!»

«በርቺ» ብያት አለፍኩ።

ከዚያ ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ ላይ እሺ፣ ሰው ነበረ፣ ዱላ ነበረ፣ ፈራሁ። እዚያ ማሳ ላይ ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ግማሹ ችግኝ ገና አልተነቀለም ነበር።

ሲነጋ አካፋውን አጋደምኩት። ሰው ተሰበሰበ፤ ዘይነባ ጭቃ በሌለበት ቦይ ውስጥ በባዶ እግሯ ቆማለች። ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ትናንት ንጋት ላይ ደርቆ እንዳገኘሁት፣ ሽቦው በእኔ ትእዛዝ እንደተነቀለ፣ የፈሰሰው የታንከር ውሃ እንደነበር፣ ሁሉንም።

«ትናንት በእንግዳ ፊት ክንድ ያህል የፈሰሰ ምንጭ ዛሬ ደረቀ?» አለ ሁሴን።

«ትናንት ነው የዋሸሁት። ዛሬ እውነቴን ነው።»

ከላይኛው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይመር፣ እኛ የቱን ይመር እንመን? የትናንቱን ነው የዛሬውን?»

«ወጥታችሁ እዩት» አልኳቸው።

ወጥተው ምንጩን አዩ። ደርቋል። ግን የታያቸው ሌላ ነገር ነው፤ ሶላር የተሸከመው መለኪያ። «ይኼ ነው!» አለ አንዱ። «ይኼ ነገር ነው መጥጦ ወደ ትምህርት ቤት የወሰደው! እዚያ ሲፈስስ አላየንም?» ነገሩ ልክ ይመስላል። እኔም እነሱን ብሆን አምነው ነበር። ሐረግ ሮጣ ደርሳ «ይለካል እንጂ አይስብም!» ብትል ማን ይስማት። መለኪያውን ነቅለው በድንጋይ ቀጠቀጡት። ከዚያ የተጠለፈውን ውሃ ሊያገኙ በዲጂኖ መቆፈር ጀመሩ። የላይኛው በአንድ በኩል፣ የታችኛው በሌላ በኩል። አባቶቻችን በእጅ ብቻ የሚጠርጉትን የምንጭ ዓይን ፈለጡት። ድንጋዩ ተናደ፣ አፈሩ ገባበት።

እኔን ማንም አልመታኝም። ሁሴን ሲመለስ አካፋዬን ከቦዩ አፍ ላይ ብድግ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ከአጥር ላይ አስደግፎት ሄደ። ሌላው ሁሉ አየ፤ ማንም አልከለከለውም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡ። ከምርቃቱ የተረፈ ውሃ ታንከሩ ውስጥ ነበራ። ሐረግ ፓምፑን አበራችላቸው። ውሃው እኔ በእጄ ካበጀሁት ምንጭ ወጣ። ተገፋፉ፣ ተሰዳደቡ፤ ጀሪካን ከጀሪካን ተጋጨ። ትንንሾቹን ማሳዎች፣ ትንንሾቹን ቤቶች ረጋግጠው አፈረሷቸው።

እኔ ከበሩ ላይ ቆሜያለሁ። ዘይነባ ዞር ብላ አየችኝ።

«ምን ቆምክ? ተራ አስይዘን እንጂ! የውሃ አባት አይደለህም?»

ሌሎቹ ሳቁ፤ መራር ሳቅ ነው። እኔ ግን ገባሁና ተራ አስያዝኳቸው። ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ጀሪካን፣ ሕፃን ያላት ቀድማ። ሰሙኝ። አመሻሹ ላይ ዘይነባ የደረሳትን ጀሪካን ተሸክማ ማሳዋ ወርዳ፣ አንድ ትልም ሽንኩርት ላይ አፈሰሰችው። አንድ ትልም። በማግሥቱ ታንከሩ አለቀ። የውሃ አባትነቴ እዚያች ሲሚንቶ ላይ አለቀ።

ሐረግ ዕቃዋን ስትጭን ባጃጁ ድረስ ሸኘኋት።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ አያ ይመር። አልነቅልም ማለት እችል ነበር።» ኮምፒውተሯን አቅፋ ባጃጁ ውስጥ ገባች። «አሁን ያ ምንጭ የሚሰማው የለም። የሚለካውም የለም።»

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ክረምቱ መጣ። ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ልጆቹ ሲበተኑ እንደሚሆነው ግን ደፍርሶ በገደሉ ወረደ። ኅዳርን ጠበቅሁ። ጥርን ጠበቅሁ። ኋላ ተራራው ተከለለ፤ ሣርም በቀለበት። ምንጩ ግን አልተመለሰም። ከታችኛው ሰፈር ብዙው ሰው መሬቱን ትቶ ወልድያና መርሳ የቀን ሥራ ይሠራል። አካፋዬ አሁንም አለች፤ ቤት አመድ እንዝቅባታለን።

የትምህርት ቤቱ ተራራ ተሰነጣጥቋል። ልጆች ዛሬም ይወጡበታል፤ ሳይወርዱ መቶ መቁጠር ጨዋታ ሆኗል። ውሃ እንደነበረበት የሚያውቅ ልጅ የለም። መጀመሪያ የወረደ ፍየል ይባላል፤ ለምን ፍየል እንደተባለ አያውቁም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ለሰው ፍቅር ብላችሁ ክፉ ወሬ ለነገ የምታሳድሩ ካላችሁ፣ እኔም እንዲያው ነበርኩ። ደግ ሰው ነው ይሉኝ ነበር፤ አሁንም ይሉኛል። የአባቴ አካፋ አንድ ሰው ገደለ፤ የእኔ አለማጋደም ግን ደም የሌለበት ስለሆነ ማንም አልቆጠረውም። ምክር የለኝም። የሚመክር ሰው ያጠፋውን አንዳች ያህል መልሶ መሆን አለበት፤ እኔ የመለስኩት የለም።

ዘይነባ አለች። አርጅተናል። ለቅሶ ቤት ወይ ገበያ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አትከለክለኝም። እጄን ትይዝና፣ ዓይኔን እያየች፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«አንተ ይመር፣ ነገ ውሃው ይደርሰኛል?»

«አይደርስሽም፣ ዘይነባ» እላታለሁ።

«ይኼን ያኔ ነበር ማለት» ብላኝ ታልፋለች።